ጅራፉና ጳጳሱ

«ቲቸር፣ ይሄ ጳጳስ የእኛ ነው የእነሱ?»

ጠያቂው ቦንጋ ላይ በወጣቶች ኅብረታችን ከበሮ የሚመታ ልጅ ነው። የቅዳሜው ፕሮግራም አልቆ ዝናቡ አላስወጣ ስላለን በረንዳው ላይ ተኮልኩለን ቆመን ነበር። ስልኩን ወደ እኔ አዞረው። አንዲት ሴት ግንድ ላይ ታስራ እሳት ከእግሯ ሥር ይነሣል፤ አንድ ረጅም ልብስ የለበሰ ሰው ፊቱ ሳይለወጥ ቆሞ ያያታል። ፊልሙን ከጓደኛው ፍላሽ ገልብጦ ነው ያገኘው። እኔ አላየሁትም ነበር። «አይቼ እነግርሃለሁ» አልኩት፤ አየሁትም። ሠላሳ ሁለቱንም ክፍል። ይህ ጽሑፍ ያ የገባሁለት ቃል ነው። እናንተም ዘንድ ፍላሹ እንደደረሰ ስለማውቅ ለሁላችሁም ጻፍኩት።

ተከታታይ ፊልሙ «ካስልቫኒያ» ይባላል። ኔትፍሊክስ ማሳየት የጀመረው እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2017 በአራት ክፍል ብቻ ሲሆን፣ በአራት ሲዝን ተዘርግቶ በግንቦት 2021 ተጠናቀቀ። ሥዕሉን የሠራው ቴክሳስ ውስጥ ኦስቲን ከተማ ያለው ፓወርሃውስ የተባለ ስቱዲዮ ነው፤ ድርሰቱ የእንግሊዛዊው የዋረን ኤሊስ ነው። አሳሳሉ የጃፓኖቹን ስልት የተከተለ ስለሆነ አኒሜ የሚለው ብዙ ነው፤ ጃፓን ካልተሠራ አኒሜ አይባልም ብሎ የሚከራከርም አለ። በዚህ ጉዳይ ከእናንተ ጋር መከራከር አልፈልግም፤ ትረቱኛላችሁ። መሠረቱ ግን ጃፓናዊ ነው፦ ኮናሚ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1986 ያወጣው ጌም፣ በተለይም በ1989 የወጣው ሦስተኛው።

ከመቀጠሌ በፊት አንድ ነገር ልበል። ፊልሙ ለአዋቂዎች የተሠራ ነው። ደሙ ብዙ ነው፣ አንደበቱ ይሳደባል፣ ሦስተኛው ሲዝን መጨረሻ ላይ ደግሞ እርቃን አለ። እኔ እዚያ ቦታ ዘልዬ አልፌያለሁ፤ ከታሪኩ አንድም ነገር አልጎደለብኝም፤ ይህም ራሱ በድርሰቱ ላይ የሚቀርብ ወቀሳ ነው። ዕድሜያችሁ ያልደረሰ ይህን ጽሑፍ አንብባችሁ ፊልሙን ተዉት። ያያችሁት ግን አይታችኋል፤ አላያችሁም ብዬ ማስመሰል አልችልም። እንነጋገርበት።

መጀመሪያ ስለ ጌሙ። ቦንጋ ፕሌይስቴሽን ቤት የምትገቡት ለኳስ ስለሆነ ይህን የተጫወታችሁት ጥቂት ናችሁ። አንድ ጅራፍ የያዘ ሰው ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ሻማ ሲገርፍ ከሻማው ልብ ይወድቃል፤ ልብ ግን ሕይወት አይሰጥም፣ መሣሪያ መወርወሪያ ነው። ከመሣሪያዎቹ አንዱ የተቀደሰ ውኃ ነው፤ መሬት ሲነካ ይነድዳል። ሌላው መስቀል ነው፤ ይወረወርና ጠላትን መትቶ ተመልሶ እጅ ውስጥ ይገባል። መጨረሻ ላይ ድራኩላ አለ፤ ደም የሚጠጣው ጌታ። ለምን ክፉ እንደሆነ አይነገርህም። ድራኩላ ስለሆነ ነው። ተጫዋቹም መልስ አይፈልግም፤ ደረጃው ላይ የሌሊት ወፍ መትታው ገደል ውስጥ እንዳይወድቅ ነው የሚጨነቀው።

ጌም ለጣት ሥራ ይሰጣል፤ ፊልም ደግሞ ለዚያ ሥራ ምክንያት መስጠት አለበት። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ነው። የአዲስ አበባው ቅኔ ጌምስ ያወጣትን «ኩኩሉ» አስቡ። ዶሮዋ እንዳትያዝ ትሮጣለች፣ እኛ በጣታችን እናዘልላታለን፣ በቃ። ነገ አንድ ሰው ተነሥቶ አሥር ክፍል ፊልም ላድርጋት ቢል ግን ጥያቄው ይከተላል። አሳዳጁ ማን ነው? በዓሉ የማን ቤት በዓል ነው? ዶሮዋ የምታስበው ስለ ልጆቿ ነው ወይስ ስለ ራሷ? ጌሙ ባዶ የተወውን ቦታ ደራሲው በራሱ ነገር ይሞላዋል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ፊልም ስታዩ «ከጌሙ ጋር ይመሳሰላል ወይ?» ብቻ ብላችሁ አትጠይቁ። ባዶው ቦታ ውስጥ ምን እንደተጨመረ ተመልከቱ።

ኤሊስ የጨመረው ቤተ ክርስቲያንን ነው፤ ጠላት አድርጎ።

ሦስት ለውጦችን ልብ በሉ። በሦስተኛው ጌም መክፈቻ ላይ ባለ ጅራፉ ትሬቨር ቤልሞንት በመስቀል ፊት ተንበርክኮ ይጸልያል፤ ከዚያ ተነሥቶ ይወጣል። በፊልሙ ትሬቨርን መጀመሪያ የምናገኘው መጠጥ ቤት ሰክሮ፣ ሊደበደብ ሲል ነው፤ ቤተሰቡንም ያወገዘችው ቤተ ክርስቲያን ናት። በጌሙ ታሪክ ሳይፋ የተባለችው ባለ ኃይል ሴት ከቤተ ክርስቲያን ወገን ናት። በፊልሙ ግን «ተናጋሪዎች» ከሚባሉ፣ ታሪክን በጽሑፍ ሳይሆን በቃል ይዘው ከሚዞሩ ስደተኞች ወገን ሆናለች፤ ጳጳሱም ሕዝቡን በእነርሱ ላይ ያነሣሣል። (ተናጋሪዎቹን ስወዳቸው አልደብቅም፤ ካፋ ውስጥ የአያቶቹን ታሪክ ከሽማግሌ አፍ የሰማ ሰው ይወዳቸዋል።) ሦስተኛው ለውጥ ሊሳ ናት። የድራኩላ ሚስት ሊሳ በ1997 በወጣው ሌላ ጌም ውስጥ በጨረፍታ የምትነሣ ሴት ነበረች፤ መድኃኒት ስለቀመመች ጠንቋይ ተብላ የተገደለች። ኤሊስ ከጥጉ አምጥቶ የታሪኩ ሁሉ መነሻ አደረጋት። ሐኪም ናት። ጳጳሱ ያቃጥላታል። ባሏም ለዋላኪያ ሕዝብ አንድ ዓመት ሰጥቶ፣ በ1476 የአጋንንት ሠራዊቱን ይለቅቅባቸዋል። በጌሙ ምክንያት ያልነበረው ድራኩላ አሁን ሐዘን የሰበረው ባል ሆኗል።

ሦስቱም ለውጥ ወደ አንድ አቅጣጫ ነው የሚሄደው። ይህን ስረዳ ተቆጣሁ። ሂሱንም በዚያ ቁጣ መጻፍ ጀምሬ ነበር፤ «ዓለም ቤተ ክርስቲያንን እንዴት እንደሚጠላ» የሚል ርእስ ሰጥቼው ነበር። ገጽ ተኩል ጽፌ ቀደድኩት። ያስቀደደኝ የመጀመሪያው ሲዝን አራተኛ ክፍል ነው።

ግሬሺት በምትባለው ከተማ ጳጳሱ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ብቻውን ነው። አጋንንቱ በሩን አልፈው ይገባሉ። ጳጳሱ ይደነግጣል፤ የእግዚአብሔር ቤት ነው፣ መግባት አትችሉም ይላል። መሪያቸው አይጮኽም። እንደ ሽማግሌ በረጋ ድምፅ ያናግረዋል፦ እግዚአብሔር እዚህ ቤት የለም፤ በሥራህ አዝኖ ሄዷል፤ ለዚህ ሁሉ ጥፋት በር የከፈትክልን አንተ ነህ። ከዚያ ይገድለዋል። በጣም አጭር ትዕይንት ነው። በሠላሳ ሁለቱ ክፍል ውስጥ ከዚህ የተሻለ የተጻፈ ንግግር አላገኘሁም።

መጽሐፍ ቅዱሳችሁን የምታውቁ ይህን ትዕይንት ከዚህ በፊት አንብባችሁታል። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 19 ላይ የአስቄዋ ሰባት ልጆች የኢየሱስን ስም እንደ መሣሪያ አንሥተው አጋንንት ሊያስወጡ ይሞክራሉ። ክፉው መንፈስ ኢየሱስንም ጳውሎስንም እንደሚያውቅ ነግሯቸው፣ እነርሱን ግን እነማን ናችሁ ይላቸዋል፤ ቆስለው፣ ዕራቁታቸውን ከቤት ሸሹ። የካህናት አለቃ ልጆች ነበሩ! ሕዝቅኤል ምዕራፍ 10ም አለ፤ የእግዚአብሔር ክብር ከመቅደሱ ተነሥቶ ሲሄድ ነቢዩ ያያል። ኤሊስ እነዚህን ምዕራፎች አስቦ ይጻፍ ወይም አይጻፍ አይገደኝም። ጋኔን በቤተ መቅደስ ውስጥ ለሃይማኖት መሪ ያልወደደውን እውነት ሲነግረው፣ ይህ በሃይማኖታችን ላይ የተቃጣ ስድብ አይደለም፤ ሃይማኖታችን ራሱ የጻፈው ነገር ነው። ሊሳም ስትቃጠል ባሏን የምትለምነው እንዳይበቀል ነው፤ የሚያደርጉትን አያውቁም ትላለች። የማንን ጸሎት እንደተዋሰች ለእናንተ መናገር አያስፈልገኝም። ጳጳሱ የክርስቶስን ልብስ ለብሷል፤ የክርስቶስ ቃል ግን በእሳቱ ውስጥ ባለችው ሴት አፍ ላይ ነው።

ቁጣዬ እዚህ ላይ በረደ። ሂሱ ግን አልቀረም።

በሁለተኛው ሲዝን ካርሚላ የተባለችው ደም ጠጪ ድራኩላን ልትከዳው ትፈልጋለች። ሄክተር የተባለው የሙታን አንጥረኛ የዚያን የሞተ ጳጳስ ሬሳ ያስነሣላታል። ሬሳው ብራይላ ላይ በድልድይ ሥር የሚፈስሰውን ወንዝ ይባርካል፤ ወንዙም የተቀደሰ ውኃ ይሆናል፤ የወደቁበት ደም ጠጪዎች ይቃጠላሉ። በምስል አስደናቂ ነው። ግን እስኪ አስቡት። አጋንንቱ የገቡት እግዚአብሔር ከዚህ ሰው ስለራቀ ነው ተባልን። ታዲያ ያው ሰው፣ ያውም ሞቶ በጥንቆላ የተነሣ ሬሳ ሆኖ፣ ወንዝ ሙሉ እንዴት ይቀድሳል? ጋኔኑ እውነት ከተናገረ ወንዙ ውኃ ብቻ መሆን ነበረበት። ወንዙ ከሠራ ደግሞ የቤተ ክርስቲያኑም በር መሥራት ነበረበት። ደራሲው ሁለቱንም ፈልጓል፤ ሁለቱም አብረው አይቆሙም።

ይህ ስንጥቅ ከየት እንደመጣ የገባኝ ጌሙን መልሼ ሳስብ ነው። በጌም ውስጥ የተቀደሰ ውኃ ማንም ቢወረውረው ይነድዳል፤ የወርዋሪውን ልብ የሚጠይቅ የለም፣ ልብ እንደ ነገርኳችሁ የጥይት ዋጋ ነው። ፊልሙ በአንደኛው ሲዝን ከዚህ ሊወጣ ሞከረ። አጋንንቱ ከተማውን ሲወሩ ትሬቨር ከሕዝቡ መካከል ክህነት ያለው ሰው ይፈልጋል፤ አንድ ተራ ሰው ይገኛል፣ ውኃውን ይባርካል፣ ይሠራል። ይህ ሰው ስም የለውም፤ ከዚያ በኋላም አይመለስም። ፊልሙ ትልቁን ዕድሉን ያባከነው እዚህ ላይ ነው እላለሁ። እሳት ካነደደው ጳጳስ ጎን በዚያው እምነት ውስጥ ሳይታወቅ በታማኝነት የኖረ ሰው ነበረ፤ ደራሲው ሁለት ደቂቃ ሰጥቶት ሄደ። በሁለተኛው ሲዝን ጌሙ በጓሮ በር ተመልሶ ገባ፤ ኃይሉም እንደገና በዕቃው ውስጥ ሆነ።

እኛስ? ዘይት በጠርሙስ፣ ውኃ በሃይላንድ እየተሸጠ «ይህን ይዛችሁ ከሄዳችሁ» የሚባልበትን መድረክ በስልካችሁ አይታችኋል፤ ከመካከላችሁም ገዝቶ የመጣ አለ። ሕዝቅያስ ሙሴ የሠራውን የናስ እባብ የሰባበረው ለዚህ ነበር። እውነተኛ ተአምር የተደረገበት ዕቃ ነበር እኮ።

ወደ ጌሙ ስመለስ፣ ፊልሙ በሚገባ የበለጠው አንድ ቦታ አለ። በጌሞቹ ድራኩላ ሲሸነፍ ወደ ሌላ አስፈሪ መልክ ይለወጣል፤ አንተም መምታትህን ትቀጥላለህ። በፊልሙ ሁለተኛ ሲዝን ግን ድራኩላና ልጁ አሉካርድ እየተደባደቡ ግድግዳ ሲያፈርሱ ሳያስቡት አንድ ክፍል ውስጥ ይገባሉ። የአሉካርድ የልጅነት ክፍል ነው። አልጋው አለ፣ መጫወቻው አለ። አባትየው ይቆማል። የሚገድለው ልጁን፣ ሊሳ የተወችለትን፣ መሆኑ ይገባዋል። ድብድቡ ያልቃል፤ በጅራፍ አይደለም፣ ትንሽ አልጋ በማየት ነው። በጣት የሚሠራ ጌም ይህን ማድረግ አይችልም። ታሪኩ እዚያ ቢያልቅ ኖሮ ደስ ባለኝ፤ ከዚያ ወዲያ ያሉት ሁለት ሲዝኖች ብዙ ቦታ ይንዛዛሉ። አይዛክ ከመርከቡ ካፒቴን ጋር ሰው መዳን ይገባዋል አይገባውም ብለው የሚነጋገሩበትን ብቻ ደግሜ አየሁት።

አሁን ወደ ልጁ ጥያቄ። «የእኛ ነው የእነሱ?»

በኅብረታችን ስምንት ሆነን ስለዚህ ፊልም ተወያይተን ነበር። አንዱ ካቶሊክ ነው አለ። ሌላዋ ዋላኪያ የዛሬው ሩማንያ ስለሆነ ኦርቶዶክስ ነው የሚሆነው አለች፤ በታሪክ ረገድ እሷ ትክክል ናት። ያስተዋልኩት ግን ሌላ ነገር ነው። መልሱ ምንም ይሁን፣ «የእኛ አይደለም» ሲባል ሁሉም ቀለል አላቸው። ሻይ ቀዳን። እኔም ቀለል ብሎኝ ነበር።

ፊልሙ ለዚህ ረድቶናል፤ የመጨረሻው ወቀሳዬም ይህ ነው። ጳጳሱ ቀዝቃዛ ዓይን፣ ቀጭን ከንፈር፣ ርኅራኄ የሌለው ድምፅ ተሰጥቶታል። ሲስቅ አናየውም፣ የታመመ ሲጠይቅ አናየውም፣ ልጅ ሲባርክ አናየውም። እንዲህ ያለ ሰው ውስጥ ማን ራሱን ያገኛል? እኔ ያየኋቸው አግላዮች እንዲህ አይደሉም። ደጎች ናቸው፤ ቆጮ ያቀርባሉ፣ ጉልበት ስመው ይቀበላሉ፣ በጸሎት ያለቅሳሉ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በዞናችን ወዳለች አንዲት የገጠር አጥቢያ ለማስተማር ተጋብዤ ሄድኩ። ስሟን አልጠራም። በካፋ የማንጆ ማኅበረሰብ ለዘመናት ተገልሎ እንደኖረ የማያውቅ ከመካከላችን የለም፤ አብሮ አይበላም፣ ቤት አይገባም፣ አይጋባም። ምክንያቱ ሲጠየቅ የሚበሉት ሥጋ ንጹሕ አይደለም ይባላል። በዚያ ቀን ከማንጆ የሆነ አንድ ወንድም ጌታ እንዴት እንዳገኘው መሰከረ። ጉባኤው እልል አለ፤ አንዳንዶች አለቀሱ። እኔ ደግሞ፣ አስቡት፣ ያስተማርኩት ከሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 10 ነበር፤ ጴጥሮስ እግዚአብሔር ያነጻውን ርኩስ እንዳይል የተነገረበትን። ከዚያ ቡና ተፈላ። ለእኛ ረከቦቱ ላይ ካሉት ስኒዎች ተቀዳ። ለእርሱ ከጓዳ ሌላ ስኒ ወጣ፣ ጠርዙ የተሸረፈ፤ እርሱም ሳይባል ተነሥቶ በሩ አጠገብ፣ ውጭ ባለችው ድንጋይ ላይ ሄዶ ተቀመጠ። ቦታውን ያውቀው ነበር። ማንም ክፉ ቃል አልተናገረም። እሳት የለም፣ ግንድ የለም፣ ቀዝቃዛ ዓይን የለም። ቡናዋን የቀዳችው እናት ለእኔ ስኳር ጨመር አድርጋ «ጠጣ የእኔ ልጅ» አለችኝ።

ይህን ለልጁ ነገርኩት፤ ያው በረንዳ ላይ፣ ዝናብም ነበረ። ጳጳሱ የማን እንደሆነ የማውቀው ይህን ያህል ነው አልኩት። ዝም ብሎ ቆየ። በጣቱ የበረንዳውን ብረት ከበሮ እንደሚመታ ይመታው ነበር።

«ቲቸር፣ አንተስ ቡናውን ጠጣኸው?» አለኝ።

«ጠጣሁት» አልኩት። «ሁለተኛውንም።»